ካፖርቶቹ የሚያዩት ጨዋታ

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ይታወቅ፦ የአውሮፓን የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ከስዊድን ባመጣን በአራተኛው ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የአናጢው የሊውዳስ ካፖርት ወደ ሩድኑፔ ከተማ ስፖርት አዳራሽ ገብቶ ሰባተኛው መስቀያ ላይ ተሰቀለ። ግራጫ ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ከሌላ ልብስ የመጣ ነው። ባለቤቱ ቤቱ ቀረ።

የሰቀለችው እናቴ ናት። ጌኔ ትባላለች፤ የአዳራሹ የካፖርት ማስቀመጫ ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ የሚለውን ያመጣችው ራሷ ናት፤ በሥሯ ማንም አልነበረም። ከባንኮኒዋ በላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ማንጠልጠያው የተበጠሰ ካፖርት አንቀበልም።» ከአንገቱ ሥር የምትሰፋውን ያቺን ትንሽ የጨርቅ ቀለበት ማለቷ ነው። አንድ ጊዜ ከንቲባው ማንጠልጠያው ተበጥሶበት መጣ፤ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አቅፎ ሙሉውን ጨዋታ አየ። በአገሪቱ ሕግ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቅርጫት ኳስ የማውቀው ካፖርቱን ብቻ ነው። አዳራሹ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ከወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ኋላ ነበር፤ እናቴ ግን «ካፖርት ጥሎ የሚሄድ ካፖርት ጠባቂ አይባልም» ስለምትል እሷም እኔም ከባንኮኒው ኋላ ንቅንቅ አንልም። ድምፁ ይደርሰናል። ሕዝቡ ሆ ይላል፤ ከበሮ ይመታል፤ በእግሩ ወለሉን ይደበድባል። በመሐሉ አንድ ጎርናና ሰውዬ «ዳኛ! የሚስትህን መነጽር አድርገህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ይጮኽና ሁለት ጊዜ ያስላል። በየሳምንቱ ያንኑ ነው የሚለው፤ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስለው። ታማኝ ደጋፊ ማለት ይህ ነው ብዬ አደንቀው ነበር።

ሕዝቡ ካሴት ነበር። ይህን የሰማሁት አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ነው። አዳራሹ በእውነት ይሞላ በነበረበት ዘመን፣ ሥራ አስኪያጁ ዚግማስ የቀዳው ካሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋንጫው ሲመጣ ከተማው በሙሉ በቅርጫት ኳስ አበደ፤ በዚህም ምክንያት አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሰው ሁሉ ሰፊ ቴሌቪዥን ገዛ። ሻማ የምትሸጠው አሮጊት ሳትቀር የተከላካይን እግር አቀማመጥ መተቸት ጀመረች። አሜሪካኖቹ በሰው ትከሻ ላይ ዘለው ኳሱን ከላይ ሲደፍኑት ያየ ዓይን፣ የእኛን ሽመላዎች ማየት አቃተው። ሽመላ የቡድናችን ስም ነው። ሽመላ ደግሞ በበረዶው ወራት አገር ለቆ ይሄዳል፤ ሰው ይህንንም በክፉ ማንሳት ጀመረ።

አያ ሊውዳስ ለዚግማስ ሲነግረው እዚያው ነበርኩ።

«የማልመጣው ቅርጫት ኳስ ስለምወድ ነው» አለ። «የምትወደውን ነገር እንዲህ ሲያደርጉት ቁጭ ብለህ ታያለህ?»

«ወንበሩ ሠላሳ ዓመት ያንተ ነው እኮ፤ ለሌላ ልስጠው?»

«ወንበሬን እንዳትነካ!»

«ሰው ከአራት መቶ ከወረደ ከአንደኛው ሊግ ያስወጡናል፤ ታውቃለህ?»

አያ ሊውዳስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ክለቡን ማየት ባይፈልግም የሌለበትን ዓለም ማሰብ አልቻለም። በዚያ አዳራሽ ተመልካች የሚቆጠረው በካፖርት ነበር፤ ከድሮ መንግሥት ጀምሮ። ቲኬት ይጠፋል፣ አጥር ዘሎ የሚገባም አለ፣ ካፖርት ግን አይዋሽም ይባል ነበር። እናቴ ለእያንዳንዱ ካፖርት ክብ የናስ ቁጥር ትሰጣለች፤ በመጨረሻ የተሰጡትን ቆጥራ በወረቀት ወደ ዚግማስ ትልካለች፤ ዚግማስ በድምፅ ማጉያው ያውጃል፤ የከተማው ሬዲዮ ያስተላልፋል።

አያ ሊውዳስ ካፖርቱን አወለቀ። «እንካ። እሱ ይቆጠር። እኔን ግን አትጎትተኝ።»

በሁለት ወር ውስጥ ከተማው በሙሉ እንደ አያ ሊውዳስ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ዚግማስ በክለቡ ሚኒባስ ቤት ለቤት እየዞረ ካፖርት ይሰበስባል፤ ለባለቤቱ የናስ ቁጥሩን ይሰጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባለቤቶቹ በየቁጥራቸው ይወስዳሉ። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ከካፖርቶቹ ጋር ተቀምጬ ስሄድ፣ ትልልቅ ሰዎች ዕቃቸውን አስቀድመው ይልካሉና የእኛም ከተማ ሰው እንዲያ የተከበረ ነው ብዬ አምን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ማንም ካፖርት የለውምና ከቤቱ አይወጣም፤ መንገዱ ጭር ይላል። አንድ ጋዜጠኛ ከዋና ከተማ መጥቶ ጭርታውን አየና «ጨዋታ ባለበት ቀን በሩድኑፔ ውሻ እንኳ ውጭ አይገኝም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ካፖርቶቹ ለምን እንደሚቀሩ ለራሴ መልስ ነበረኝ። እናቴ «ድሮ ጨዋታው ሰውን ያሞቅ ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። በቃ፣ ሰዎቹ በጣም ስለሚሞቃቸው በሌላው በር እንዲሁ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቅርጫት ኳስ ምድጃ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መስቀያ ቁጥር ሃምሳ ሁለት የፕራናስ ነበር። ወይዘሮ ስታሴ፣ ሚስቱ፣ የራሷንና የእሱን ካፖርት ይዛ በእግሯ ትመጣለች። የእሱን በብሩሽ ጠርጋዋለች። እናቴ ሁለት ቁጥር ትሰጣታለች። የፕራናስ ቀብር ላይ እኔም ነበርኩ፤ በጢስ የበሰለ ዓሣ በልቼበታለሁ። ግን ወይዘሮ ስታሴ አንድ ቀን ያ ጎርናና ድምፅ ሲጮኽ ጣቷን አነሳችና «ሰማሽው? የእኔ ሰውዬ ነው» አለችኝ። አልገረመኝም። በሙታን ቀን ሙታን ቤታቸውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሻማ እናበራላቸዋለን። በቅርጫት ኳስ ቀን ቢመጡ ምን ያስገርማል? የዓመቱንም ክፍያ ከፍሏል። ስታሴ ቦታዋን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያደረገችው ለምን እንደሆነ የገባኝ አድጌ ነው።

መጀመሪያ ላይ ካነሳሁት ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ ዚግማስ ወደ ባንኮኒው መጥቶ ቆመ። ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራው።

«ከሊጉ ተቆጣጣሪ ሊልኩብን ነው፤ ጌኔ።»

«ይላኩ። ካፖርቱ እንደሆነ ሙሉ ነው።»

«ሰው እቆጥራለሁ ቢልስ?»

እናቴ ክሩን መርፌዋ ውስጥ ማስገባት አቃታት። በትርፍ ሰዓቷ የሰው ካፖርት ማንጠልጠያ ትሰፋለች። «ክለቡ ከወረደ አዳራሹ ምን ይሆናል?»

«የሶፋ መጋዘን። ሰውየው ከወዲሁ ለክቶ ሄዷል።»

«እንግዲህ እኔም እንደ ጎረቤቴ እንደ ዳይቫ አየርላንድ እንጉዳይ ለቀማ ነዋ!»

«ልጅቷስ?»

«እህቴ አለች» አለች እናቴና ፊቷን ወደ ካፖርቶቹ አዞረች።

ደስታዬን የት ላድርሰው! በእኛ አገር በመስከረም ማለዳ ቅርጫት ይዞ ጫካ እንደ መግባት ያለ ነገር የለም። ሁሉም ቤተሰብ የራሱ የእንጉዳይ ቦታ አለው፤ ቦታውን ለሰው የሚናገር እብድ ነው። አየርላንድ ከሐይቁ ማዶ ያለ የሌላ ሰው ጫካ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዳይቫ ሄዳ ሁለት ዓመት አልተመለሰችም፤ እንጉዳዩ ቢበዛ ነው። አክስቴም ልትመጣ ነው። ስለዚህ ያን ሐሙስና ዓርብ ተንበርክኬ ክለባችን እንዲወርድ ጸለይኩ።

አየርላንድን በኋላ አየሁት። መስኮት የሌለው ረጅም መጋዘን ነው፤ እንጉዳዩ እንደ መጽሐፍ በስድስት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይበቅላል። አይፈለግም። ሰዎቹ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው መሰላል ላይ ቆመው ይለቅሙታል፤ ቀኑን ሙሉ።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫው በብርድ የቀላ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ።

«አቶ ሩፔይካ ናቸው» አለ ዚግማስ። «ተመልካች ሊቆጥሩ።»

«እንኳን ደህና መጡ። ካፖርትዎን ይስጡኝ» አለች እናቴ።

«ለብሼው እቆያለሁ።»

«ካፖርት ለብሶ አዳራሽ መግባት አይቻልም።»

«እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እመቤቴ።»

«ካፖርትዎ ግን ተቆጣጣሪ አይደለም።»

አቶ ሩፔይካ ማስታወቂያውን አነበበ። ጆሮው ቀላ። «እንግዲያው እዚሁ እሆናለሁ» አለና ካፖርቶቹን በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ቆጠረ። አራት መቶ ሠላሳ አንድ። ጻፈው። ከዚያ መተላለፊያውን ተሻግሮ፣ ሰውነቱን ውጭ ትቶ፣ አንገቱን ብቻ በመጋረጃው አሳልፎ ብዙ ቆየ።

ሲመለስ «ውስጥ ስልሳ ሦስት ሰው አለ» አለ።

«የቀሩት ካፌ ናቸው» አለ ዚግማስ። «የተጠበሰ ዳቦ በአይብ አለን፤ ስመ ጥር ነው።»

አቶ ሩፔይካ ሄዶ ካፌውን አየ። «አራት ጠረጴዛ ነው ያለው። አንዱ ላይ ድመት ተኝታለች።»

«እንግዲያስ ሽንት ቤት ናቸው።»

«ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት ሰው?»

«ዳቦው ነጭ ሽንኩርት ይበዛበታል» አለ ዚግማስ፤ ማይክሮፎኑ ጋ መሄድ እንዳለበት ድንገት ትዝ ብሎት ሮጠ።

አቶ ሩፔይካ አልተቆጣም። የእኔን በርጩማ ሳበና ተቀመጠ። «እኔ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም» አላት እናቴን። «ውጭ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ ነው። በዚህ ብርድ ካፖርቱን ጥሎ ቤቱ የሚሄድ ሰው አልተፈጠረም። ጨዋታው ሲያልቅ መጥተው ሲወስዱ እቆጥራቸዋለሁ።»

እናቴ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

«እነሱ አይበርዳቸውም» አልኩት እኔ።

«እነማን?»

«ባለ ካፖርቶቹ። ጨዋታው ስለሚያሞቃቸው ጥለውት ነው የሚሄዱት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይወስዱታል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ልጅ ናት» አለች እናቴ።

«ይታያል» አለና ይህንንም ጻፈው።

ከዚያ በኋላ እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጨዋታው እንዳያልቅ። እኔ ደግሞ እንዲያልቅ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን ጆሯችንን ወደ መጋረጃው አቀናን።

ከጎረቤት ከተማ የመጣው ቡድን ከእኛም የባሰ ነበር ይላሉ። ስልሳ ሦስቱ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ፦ አንዱ ቡድን ለሌላው «እባክህ አንተ አሸንፍ» የሚል ይመስል ነበር። ሃምሳ ስምንት ለሃምሳ ስምንት አለቀ።

«አምስት ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት!» አለ ዚግማስ በድምፅ ማጉያው።

«ተመስገን» አለች እናቴ።

ስልሳ አንድ ለስልሳ አንድ። ሌላ ተጨማሪ ሰዓት። በሦስተኛው ተጨማሪ ሰዓት በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድም ኳስ ቅርጫት ውስጥ አልገባም፤ የእኛ ልጅ አራት ነጻ ውርወራ ስቶ አራተኛው ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ያኔ ሕዝቡ በድንገት ጸጥ አለ። ሆታው፣ ከበሮው፣ ሁሉም እንደ መብራት ጠፋ። ከሩቅ የአንድ ሰው ጭብጨባ ብቻ ተሰማ፤ እሱም አፍሮ ተወው።

አቶ ሩፔይካ ራሱን ቀና አደረገ። «ሕዝቡ ምን ሆነ?»

«ደከማቸው» አለች እናቴ።

ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና ሕዝቡ እንደገና ፈነዳ። ቆየት ብሎም ጎርናናው፦ «ዳኛ! የሚስትህን መነጽር አድርገህ ነው የመጣኸው?» ሁለት ሳል።

«ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይህንኑ ብሏል» አለ አቶ ሩፔይካ።

«አቋሙን አይለውጥም» አለች እናቴ።

አራተኛው ተጨማሪ ሰዓት ላይ ተጫዋቾች መውደቅ ጀመሩ። አምስት ጥፋት የሞላበት ይወጣል፤ የአንዱ እግር ተሸማቀቀ፤ አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ስለነበረ ተራው ደርሶ ሄደ። ሜዳው ላይ አራት ሰው ቀረን። በድምፅ ማጉያው የዚግማስ ድምፅ መጣ፤ ሰው ሊቀብር እንደተነሳ ቄስ።

«የሽመላዎች አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች ወደ ሜዳ ይገባል። መምህር ዶናታስ።» ቆም አለ። «ሽመላው።»

ሰው አሜሪካን ያህል ትዕይንት ይፈልጋል ተብሎ ዚግማስ በዚያ ዓመት የወፍ ልብስ አሰፍቶ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሩ ዶናታስ ያንን ለብሶ በእረፍት ሰዓት ክንፉን ያራግባል። የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ስም ያስፈልግ ነበር፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ማንም ይገባል ብሎ አልጠበቀም፤ ከሁሉ በላይ ዶናታስ። የወፉን ራስ አወለቁለት። ልብሱ ግን ከጀርባ ዚፑ ተቆልፎ እምቢ አለ። ዳኞቹ ጨዋታውን አቁመው የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመሩ። አንድ ተጫዋች ክንፍ ሊኖረው አይገባም የሚል አንቀጽ አጡ።

ይህ ሁሉ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር።

አቶ ሩፔይካ ሰዓቱን አየ። እናቴ ጸሎቷን አቆመች። የውጪው በር ተበረገደ።

አያ ሊውዳስ ነበር። ሹራብና የቤት ጫማ። ቅንድቡ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ከአናቱ እንፋሎት ይወጣል። «ሽመላው ገባ? ገባ ወይ?» እያለ መጣና አቶ ሩፔይካን ከነወረቀቱ ሲያይ እንደ ችካል ቆመ። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያ የአሥራ ዘጠኙ ብርድ አለ። ቀስ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ፤ የናሱን ቁጥር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«ጌንዬ፣ ካፖርቴን ስጪኝ። በርዶኛል።»

እናቴ አቶ ሩፔይካን አየች። አቶ ሩፔይካ ሰባተኛውን መስቀያ አየ። ከዚያ እናቴ ዞራ ካፖርቱን አወረደችና በሁለት እጇ ሰጠችው። አያ ሊውዳስ ለበሰው፣ ያ የሌላ ልብስ ቁልፍ አልገባ ብሎት ታገለ፣ ተወው፣ በመጋረጃው ገባ። ካፖርት ለብሶ! እናቴ የናሱን ቁጥር ወደ ቦታው መለሰች።

በሩ አልተዘጋም። ከኋላው ዳቦ ጋጋሪው፣ ፋርማሲስቷ፣ ሻማ የምትሸጠዋ አሮጊት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እግሩ የተሰበረውን የፖስታ ቤት ሰውዬ በወንበር የተሸከሙ ሁለት ወንድማማቾች፤ ሁሉም በሸሚዝ፣ በሹራብ፣ በሽርጥ። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ከሐውልቱ አልፎ ነበር። ሰልፍ ግን ሰልፍ ነው፤ ማንም ማንንም አልገፋም። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፤ ቁጥራቸውን ያቀብላሉ፤ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፤ ይገባሉ። አቶ ሩፔይካን ያየ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደህና ዋሉ» ይለዋል። እሱም «ደህና ዋሉ» ይላል። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆሟል፤ አይጽፍም።

እኔ በእናቴ ቀሚስ ሥር ቆሜ እንጉዳዬ ሲሄድ አየሁ። ምክንያቱን ባላውቅም፣ ይህን ያህል ሰው ከገባ ጫካ እንደማንሄድ ገብቶኛል። አለቀስኩ። እናቴም ታለቅስ ነበር። ለእንጉዳዩ መስሎኝ እጇን ያዝኩላት።

የመጨረሻው ሰው ገብቶ በሩ ሲዘጋ አቶ ሩፔይካ ተነስቶ የቀሩትን ካፖርቶች ቆጠረ።

«ስልሳ አራት» አለ። «ከመጀመሪያው ውስጥ የነበሩት ስልሳ ሦስት ናቸው። አንድ ይተርፋል።» ሃምሳ ሁለተኛው መስቀያ ፊት ቆመ። ካፖርቱን በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ንጹሕ ነው። «ይህኛውስ?»

እናቴ መርፌዋን አነሳች። ቀኑን ሙሉ ስትዋሽ ውላለች፤ ለዚህ ግን የቀራት ነገር አልነበረም።

«የፕራናስ ነው» አልኩት እኔ አፍንጫዬን እየጠረግኩ። «ሞቷል። ግን በየሳምንቱ ይመጣል። ሲጮኽ ሰምተውታል እኮ።»

ከመጋረጃው ኋላ የሕዝቡ ድምፅ እንደ ጎርፍ ተነሳ፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት፤ ካሴቱን ውጦት። ቢሆንም ከሥሩ፣ ጠለቅ ብሎ፣ ሁለት ሳል ሰማን።

አቶ ሩፔይካ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና አጠፈው።

ዛሬ እኔ በዋና ከተማው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የተመልካቹን ቁጥር ስክሪን ላይ የማወጣ ሰው ነኝ። ድርጅቶች የገዙት፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ሁሉ እንደ ሰው ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሲወጣ የመጡት ለራሳቸው ያጨበጭባሉ። ካፖርት እንኳ የሚልክ የለም። ከሥራዬ የተነሳ የድሮ መዝገቦችን አገኘሁና የዚያን ቅዳሜ ወረቀት ፈለግኩት። እንዲህ ይላል፦ «ሩድኑፔ። ተመልካች 431። ከእነዚህ አንዱ በድምፅ ብቻ ተገኝቷል።» ክለቡ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ፤ እናቴ አየርላንድ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ለሰባት ዓመት ልጅ ብዙ ነው።

ያን ዕለት ግን ወረቀቱን ኪሱ ከተተና መጋረጃውን አየ። ውስጥ ሰው ሁሉ «ሽመላ! ሽመላ!» ይል ነበር። አቶ ሩፔይካ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፤ አወለቀው፤ አንገቱን ወደ ውጭ ገልብጦ ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«ማንጠልጠያው ተበጥሷል» አለ፤ ማስታወቂያውን እንደ ተማሪ እያየ። «ከጠዋት ጀምሮ።»

እናቴ የተበጠሰችውን ጨርቅ ብዙ አየቻት። ከዚያ ካፖርቱን አነሳችና ባዶ ከሆኑት መስቀያዎች በአንዱ ላይ፣ በሰባተኛው፣ በአንገቱ ሰቀለችው። ቁጥሩን ሰጠችው፤ እሱም በመጋረጃው ገባ። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች፣ የባንኮኒውን መዝጊያ ከፍ አደረገች፣ እጄን ያዘች፤ ስልሳ ሰባት ካፖርት፣ የእኔና የእሷ ሳይቀር፣ ያለ ጠባቂ ጥለን ተከተልነው።